ሳቢው ፋን ሲከፈት የምድጃው ጭስ ለምን ወደ ቤት ይመለሳል? (የዳቦ ኦቨን ቱቦ፣ ደብረ ማርቆስ)

አዲስ ጋጋሪ፣ ደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ካለው ግቢያችን ክፍሎች አንዱን ወደ ዳቦ መጋገሪያነት ከለወጥሁ 5 ወር ሊሞላኝ ነው። ክፍሉ የብሎኬት ሲሆን ስፋቱ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው እስከ ኮርኒሱ 3 ሜትር ነው። በውስጡ በቡታጋዝ የሚሠራ ባለ ሁለት ደርብ ኦቨን አለ። በአንድ በር ብቻ በሚለየው በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት የእንጨት ምድጃ ይገኛል፤ እርሱም በጣሪያው በኩል የሚወጣ የራሱ የጭስ ማውጫ አለው።

ኦቨኑ ሲተከል ሥራውን የያዘው ባለሙያ ከበላዩ ሁድ (ጭስና እንፋሎት የሚሰበስብ የላሜራ ቆብ) ሰቀለ። ከሁዱ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ አኮርዲዮን የሚሳብና የሚታጠፍ የአሉሚኒየም ቱቦ አስነሥቶ፣ ሦስት ቦታ አጥፎ፣ በኮርኒሱ ውስጥ 5 ሜትር ያህል ካስኬደው በኋላ በኋለኛው ግድግዳ አወጣው። ጫፉ ላይም በሰዓት 1,200 ሜትር ኩብ አየር ይስባል የሚል ጽሑፍ ያለበት ፋን ገጠመለት። መጋቢትንና ሚያዝያን ያለ ችግር ሠራን።

ከሰኔ ወዲህ ግን ነገሩ ተበላሸ። ፋኑን ስከፍት ከእናቴ ምድጃ የሚወጣው ጭስ በማውጫው መውጣቱን ትቶ ወደ ታች ይመለስና ሁለቱንም ክፍል ይሞላል። ጠዋት ስገባ ከኮርኒሱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። የጋዙ ነበልባል ሰማያዊ የነበረው ቢጫ ሆኗል፤ የዳቦ ቆርቆሮዎቹም በጥላሸት ይጠቁራሉ። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ረዳቴም እኔም ረፋድ ላይ ራሳችንን እያመመን መሆኑ ነው። ባለሙያውን ስጠይቀው «ማርቆስ ደጋ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ፋኑ አልቻለም፤ እጥፍ ጉልበት ያለው ግዛ» አለኝ። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት እዚህ ያላችሁ የምታውቁትን ብትነግሩኝ።

ጮቄ ሥር

የእኔ ምግብ ቤት ከአንተ ይበልጥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። አንድ ፋን አልበቃ ሲለኝ ሁለተኛ ጨመርሁበት፤ ከዚያ በኋላ ደኅና ነው። ባለሙያው የነገረህ ትክክል ይመስለኛል።

ላሜራ ቀጥቃጭ፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ስለ ቱቦው ከመነጋገራችን በፊት ስለ ራስ ምታቱ ልናገር። ነበልባል ቢጫ ሲሆን፣ ጥላሸት ሲበዛና በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ሰዓት ራሳቸውን ሲያማቸው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሰል በዘጉት ክፍል አጭሰው ተኝተው የማይነቁ ሰዎችን የሚገድለው እርሱ ነው። ስለዚህ ነገሩ እስኪስተካከል ድረስ ብርዱን ታግሠህ በሩንና መስኮቱን ከፍተህ ሥራ፤ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከተጨመረበት ኦቨኑን አጥፍተህ ሁላችሁም ውጡና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ማርቆስ በሚያዝያም ደጋ ነበረች፤ በሰኔም ያው ናት። ፋኑም ያው፣ ቱቦውም ያው ነው። ታዲያ ከሚያዝያ ወደ ሰኔ የተለወጠው ምንድን ነው?

አዲስ ጋጋሪ፣ ደብረ ማርቆስ

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ደነገጥሁ። በበጋው በሩም መስኮቱም ወለል ብለው ነው የሚውሉት። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ይገባብን ስለነበር በሩን መዝጋት ጀመርን። ሊጡም በብርዱ ኩፍ ማለት ሲያቅተው መስኮቱን በላስቲክ ወጠርሁት፤ ለዓይጥ ብዬ ከበሩ ሥር የነበረውንም ክፍተት በጨርቅ ደፈንሁት። አሁን ከውጭ የሚገባ አየር ያለ አይመስለኝም።

ላሜራ ቀጥቃጭ፣ ባሕር ዳር

እንግዲያውስ መልሱን ራስህ ሰጠኸው። ፋኑ ከክፍሉ አየር እያወጣ ነው፤ የወጣውን የሚተካ ግን ከየትም አይገባም። በሩ ከተዘጋ፣ መስኮቱ ከተወጠረ፣ ከእናትህ ክፍል በር በቀር መንገድ ከሌለ፣ አየር የሚገባበት አንድ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል፤ እርሱም የእናትህ የጭስ ማውጫ ነው። ፋኑ ዳቦ ቤቱን የሚያጸዳው የእንጀራውን ጭስ በማውጫው ወደ ታች እየጎተተ ነው። እጥፍ ጉልበት ያለው ፋን ብትገዛ በእጥፍ ይጎትተዋል።

የተመረቅሁት በሜካኒካል ነው

ባለ ላሜራው ያሉትን በቁጥር ላስደግፈው፤ ቁጥሩን ሲያዩት ይበልጥ ያሳምናል።

በሰዓት 1,200 ሜትር ኩብ ማለት በሴኮንድ አንድ ሦስተኛ ሜትር ኩብ ማለት ነው። ከበሩ ሥር የነበረው ክፍተት 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነበረው እንበል። በዚያ ቀዳዳ ያን ያህል አየር እንዲገባ ቢፈለግ ፍጥነቱ በሴኮንድ 37 ሜትር መሆን አለበት፤ ይህ ጣሪያ የሚገነጥል የማዕበል ፍጥነት ነው። ስለዚህ አይገባም፤ ፋኑ ይዞራል፣ ይጮኻል፣ የሚያወጣው አየር ግን የተጻፈበትን ሩብ እንኳ አይሆንም። አየሩ በሴኮንድ 1 ሜትር ተኩል ያህል እየተጓዘ በለሰለሰ ሁኔታ እንዲገባ ከተፈለገ የመግቢያው ስፋት 50 በ45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ይህን አየር ተተኪ አየር እንለዋለን።

ሁለተኛው ጉዳይ የጭስ ማውጫው አቅም ነው። ጭስ በማውጫ የሚወጣው ትኩስ አየር ከቀዝቃዛው ስለሚቀልል ብቻ ሲሆን፣ ይህ የመውጣት ጉልበት እጅግ ጥቂት ነው። በማርቆስ ከፍታ፣ ውጭው 15 ዲግሪ ሆኖ፣ 4 ሜትር ቁመት ባለው ማውጫ ውስጥ ያለው ጭስ 200 ዲግሪ ቢሆን ጉልበቱ 14 ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ነው፤ ጭሱ ወደ 100 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ወደ 8 ይወርዳል፤ ምድጃው ገና ሲለኮስና 60 ዲግሪ ሳለ ደግሞ 5 ብቻ ነው። አንድ ተራ ሳቢ ፋን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የግፊት ጉድለት በቀላሉ ይፈጥራል። ሁለቱ ሲታገሉ ምንጊዜም የሚያሸንፈው ፋኑ ነው።

የሚንጠባጠበውንም ላንሣ። 1 ኪሎ ግራም ቡታጋዝ ሲቃጠል 1 ኪሎ ተኩል ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። ከሊጡ የሚወጣውን እርጥበት ስትጨምርበት፣ ሌሊት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ማደሩና ጠዋት መንጠባጠቡ አይቀርም። ጣሪያው አላፈሰሰም፤ ምስማር ፍለጋ አትውጣ።

ጮቄ ሥር

ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ከፍታው ምንም አያደርግም ማለት ይቻላል? እኔ ባለሁበት ውሃ እንኳ የሚፈላው ቶሎ ነው። ባለሙያው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

የተመረቅሁት በሜካኒካል ነው

ትክክል ነህ፤ ያደርጋል፣ ነገር ግን በሌላ በኩል ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 75 በመቶ ያህል ነው፤ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነች 80 በመቶ ገደማ ታገኛለች። ፋን የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን በሜትር ኩብ ሲለካ በደጋም በቆላም ያው ነው፤ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ያንሳል።

1 ኪሎ ቡታጋዝ በሚገባ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ተኩል ያህል አየር ይፈልጋል፤ ይህ በማርቆስ ወደ 17 ሜትር ኩብ ይሆናል። የጠያቂያችን ክፍል 42 ሜትር ኩብ ነው። ኦቨኑ በሰዓት 1 ኪሎ ቢያነድ፣ ክፍሉ ፈጽሞ ዝግ ቢሆን፣ በ2 ሰዓት ተኩል ውስጥ የክፍሉን አየር በሙሉ ይፈልገው ነበር ማለት ነው፤ አደጋው ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይመጣል። ለባሕር ጠለል የተሠራ የጋዝ አፍንጫ (ጋዙ ወደ ማንደጃው የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ቁራጭ) በደጋ ሲሠራ ለአየሩ የሚበዛ ጋዝ ስለሚለቅ ነበልባሉ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ስለዚህ ተተኪው አየር ከተስተካከለ በኋላም ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ፣ የጋዝ ባለሙያ የአየር መግቢያ ቀለበቱን እንዲያይና ካስፈለገም ቀዳዳው ጠበብ ያለ አፍንጫ እንዲቀይር አድርግ። አፍንጫውን በመርፌ የሚቆረቁሩ ሰዎች አሉ፤ ቀዳዳውን ያሰፉታልና እንዳትሞክረው።

የእንጅባራዋ

ልጄ፣ እኔ ቁጥር አልችልም፤ ጭስ ግን ዓይኔን ካስለቀሰኝ 30 ዓመት አልፎታል። የጥንቱ ማድቤት የሣር ክዳን ስለነበር ጭሱ በክዳኑ ውስጥ እየተነነ ይወጣ ነበር፤ አየሩም በግድግዳው ስንጥቅና በበሩ እየገባ ይተካው ነበር። ጥቀርሻው ዓይን ቢያጠፋም ሣሩን ከነቀዝ ይጠብቀዋል ይባል ነበር። ቆርቆሮው መጣ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለሰነ፣ ቤቱ ጠርሙስ ሆነ። ሰው ግን አሁንም ማድቤቱን በጥንቱ ልቡ ነው የሚጠቀምበት።

ቤትህ አየር የሚስበው በየት እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግህም። ፋኑን ክፈት፣ በሩን እንደ ልማድህ ዝጋ፣ በማጨሻ ላይ ዕጣን አድርግና በየቀዳዳው አዙረው፤ በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ዳር፣ በእናትህ ምድጃ አፍ ላይ። ጭሱ ወደ ቤት ውስጥ በሚገፋበት ሁሉ አየር ይገባል፤ ወደ ውጭ በሚሄድበት ሁሉ ይወጣል። በምድጃው አፍ ላይ የዕጣኑ ጭስ ወደ አንተ ከመጣ ወንድሞችህ የነገሩህ እውነት ነው። ጧፍም ይሠራል፤ ዕጣኑ ግን ቶሎ ያሳይሃል።

እኛ ዘንድ በአብዛኛው የምናነድደው የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) እንጨት ነው፤ በክረምት እርጥቡን ካነደድኸው ጭሱ ቀዝቃዛና ከባድ ይሆንና ማውጫውን በሬንጅ መሳይ ጥቀርሻ ይደፍነዋል። ለእናትህ ደረቅ እንጨት በጥላ ሥር አስቀምጥላት። ምድጃዋ ጉልቻ ከሆነም ምርጥ የሚባለውን የሲሚንቶ ምድጃ አስብበት፤ እሳቱ ስለሚታጠር እንጨቱም ጭሱም ይቀንሳል።

አዲስ ጋጋሪ፣ ደብረ ማርቆስ

እትዬ፣ ዛሬ ማታ በዕጣን ሞከርሁት። በምድጃው አፍ ላይ ጭሱ ፊቴ ላይ መጣ፤ ማውጫው እንደ ቧንቧ አየር ወደ ቤት ያፈስሳል። የዳቦ ቤቱን በር አንድ ክንድ ያህል ስከፍተው ወዲያው ተገለበጠና ወደ ላይ ይሳብ ጀመር። እናቴ ቆማ እያየች «ለዚህ ነው እንዴ 2 ወር ሙሉ የተጨስሁት?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ አዲስ ፋን አልገዛም። ቱቦውንስ እንዳለ ልተወው ወይስ ይለወጥ? ፋኑ አሁንም እየጮኸ የሚስበው ጥቂት ነው።

ላሜራ ቀጥቃጭ፣ ባሕር ዳር

ቱቦው ይለወጥ። ጊዜ ስላለኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

ያ እንደ አኮርዲዮን የሚሳበው ቱቦ ሲታይ ይቀላል፣ ሲገጠምም ይፈጥናል፤ ውስጡ ግን ሁሉ ሽንሽን ስለሆነ አየሩን ያንገዋልለዋል፣ ዱቄትና ቅባትም በየሽንሽኑ ይይዛል። 15 ሴንቲ ሜትርም ለዚህ ፋን ጠባብ ነው፤ 1,200 ሜትር ኩብ በዚያ ውስጥ ለማለፍ በሴኮንድ ወደ 19 ሜትር መሮጥ አለበት። ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በሴኮንድ ወደ 7 ሜትር ይወርዳል፤ ለዚያው አየር ቱቦው የሚፈጥረው ግጭትም ከ12 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ሰው ሁሉ ገንዘቡን ለፋን ያወጣል፤ እኔ ግን ሰፊ ቱቦና ትንሽ ፋን ከጠባብ ቱቦና ከትልቅ ፋን ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። በዚያው ቱቦ የሚያልፈውን አየር በእጥፍ ለማሳደግ 4 እጥፍ ግፊት ያስፈልጋልና።

ላሜራ ቤት ሄደህ ውስጡ ለስላሳ የሆነ፣ ከጋልቫናይዝድ (ዚንክ ከተለበጠ) ላሜራ የተጠቀለለ ቱቦ አሠራ። መንገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ ከሁዱ በቀጥታ ወደ ላይ በጣሪያው ቢወጣ ከሁሉ ይሻላል። መታጠፊያ የግድ ከሆነ አንድ ብቻ አድርግ፤ ጎሚቶውንም (የመታጠፊያውን ቁራጭ) በአንድ ጊዜ 90 ዲግሪ የሚሰበር ሳይሆን በሦስት አራት ቁራጭ ቀስ ብሎ የሚዞር አሠራው። አግድም የሚሄድ ክፍል ካለ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘንብል፤ በዝቅተኛው ቦታ ላይም ውሃው የሚጠፋበት ትንሽ መውጫና ለማጽጃ የሚከፈት መስኮት ይኑረው። መጋጠሚያዎቹን በሪቬት ያዝና ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ድፈን። ጋልቫናይዝድ ላሜራን ሽፋኑን ሳትፍቅ አታስበይድ፤ የሚወጣው የዚንክ ጢስ ለበያጁ ትኩሳት ያስይዘዋል። በወጣትነቴ አንድ ሌሊት ተንቀጥቅጬ ስላደርሁ አውቀዋለሁ።

ይህ ለዳቦ ነው። ወደፊት በዚያው ሁድ ሥር ዶሮ ወይም ድንች የምትጠብስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቅባት ያለበት ቱቦ ይቀጣጠላል። ለዚያ የሚመከረው ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ብረት ወይም 1.2 ሚሊ ሜትር ስቴንለስ ሆኖ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ጠብታ እንዳያወጣ ሙሉ በሙሉ የተበየደ ቱቦ ነው።

ሁዱ ከኦቨኑ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ፤ ከፊት ለፊት ደግሞ በሩ ሲከፈት የሚወጣውን እንፋሎት እንዲቀበል ከዚያም በላይ ይትረፍ። የኦቨኑን የራሱን የጭስ መውጫ ከፋኑ ቱቦ ጋር አጥብቀህ አታገናኘው፤ ነበልባሉን ይስበዋል። ከሁዱ ሥር በክፍተት ይተንፍስ፤ ሁዱ ይሰበስበዋል።

ደጀን መንገድ

ይቅርታ፣ በመካከል ገባሁ። የላሜራ ዋጋ ስለናረ እኔ የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ ተጠቅሜያለሁ፤ እስካሁን አልቀለጠም። ለአዲስ ጋጋሪም ወጪ ይቀንስለታል።

ላሜራ ቀጥቃጭ፣ ባሕር ዳር

እስካሁን አልቀለጠም ማለት ገና ነው ማለት ነው። ያ ፕላስቲክ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ሲቃጠል ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል አሲድ ይወጣዋል። ወንድሜ፣ አውልቀው።

አዲስ ጋጋሪ፣ ደብረ ማርቆስ

ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። አዲሱ ቱቦ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የእናቴን ምድጃ ማውጫ ከእርሱ ጋር አገናኝቼ ሁለቱንም በአንድ ፋን ባስወጣቸውስ? አንድ የጣሪያ ቀዳዳ ይተርፍልኝ ነበር።

የተመረቅሁት በሜካኒካል ነው

አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ፋኑ ይቆማል፤ የእንጨት እሳት ግን አይጠፋም። ያኔ ጭሱ በጋራው ቱቦ አድርጎ በሁዱ በኩል ዳቦ ቤትህ ውስጥ ይወርዳል። ከዚህም ሌላ የእንጨት ጥቀርሻ ፋኑ ላይ ይጋገራል፤ ፍንጣሪ ከሄደም ያቀጣጥለዋል። እንጨት የሚያነድድ ምድጃ ሁሉ የራሱ ማውጫ ይኑረው።

የማውጫው ብረትም ይለያል። ጋልቫናይዝድ ላሜራ ዘወትር ከ200 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ሽፋኑ መላጥ ስለሚጀምር ለሁዱ እንጂ ለእንጨት ምድጃ አይሆንም፤ ለምድጃው ወፈር ያለ ጥቁር ላሜራ ይሻላል። ሲገጣጠም የላይኛው ቱቦ ጫፍ በታችኛው ውስጥ ይግባ፤ እንዲህ ከሆነ ቀልጦ የሚወርደው ጥቀርሻ በውስጥ ይወርዳል እንጂ በግድግዳው ላይ አይዝረከረክም።

ላሜራ ቀጥቃጭ፣ ባሕር ዳር

ስለ ጣሪያው ልጨምር፤ ቤት የሚቃጠለውም የሚያፈስሰውም እዚያ ላይ ነውና። የእናትህ ማውጫ በባሕር ዛፍ ወራጅና ማገር መካከል ያልፋል። ግድግዳው አንድ ንጣፍ ላሜራ ብቻ የሆነ ትኩስ ቱቦ ከማንኛውም እንጨትና ከኮርኒስ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ብዙ ሰው ክፍተቱን በጭቃ መርጎ የተጠበቀ ይመስለዋል፤ ጭቃው ግን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ያስተላልፈዋል፤ ለዓመታት በሙቀት የደረቀ እንጨትም ከተለመደው ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ያን ያህል መራቅ ካልተቻለ ቱቦውን በሌላ ሰፊ ቱቦ ውስጥ አሳልፈህ በመካከላቸው አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት ተው፤ ወይም ወራጁን ቆርጠህ በዙሪያው በሌላ እንጨት አስረው።

ቀዳዳውን በተቻለ መጠን ከጣሪያው አናት አጠገብ አውጣው፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ይበዛበታል፤ የጎጃምን ሐምሌ ታውቀዋለህ። የላሜራ ቀሚስ ይሰፋለት፤ የቀሚሱ የላይ ጫፍ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ይግባ፣ የታች ጫፉ ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ ይረፍ። ካትራሜ ብቻ ለብልቦ የሚሄድ ሠራተኛ ካየህ አስቁመው፤ በትኩስ ቱቦ ላይ ካትራሜ ይቀልጣል። ማውጫው ጣሪያውን ካለፈ በኋላ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም የጣሪያ ክፍል ወይም ግንብም በ60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ፤ አለዚያ ነፋስ ከአናቱ ላይ እየተመለሰ ጭሱን ይገፋዋል።

መብራት ሠሪ፣ ፍኖተ ሰላም

ስለ ኤሌክትሪኩ ማንም አላነሣምና እኔ ላንሣው። የፋኑ ሞተር በትኩሱ አየር መንገድ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሞተሩ ከቱቦው ውጭ የሚቀመጥበት፣ ቀንድ አውጣ የሚመስለው ዓይነት ይሻላል። ሽቦው በሁዱ ላይ አይጋደም፤ ምድር ሽቦም ይኑረው። ማብሪያና ማጥፊያው ከኦቨኑ ፊት እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው በሩን መክፈትና ጋዙን መቀነስ መሆኑን ረዳትህም ይወቅ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ካገኘህ ከሌላው ነገር ሁሉ ቀድመህ ግዛው። ሲሊንደሩ ውስጥ ከሆነም ወደ ውጭ አውጣው።

አዲስ ጋጋሪ፣ ደብረ ማርቆስ

ከ6 ሳምንት በኋላ ተመለስሁ። ሥራው አልቋል፤ ሁሉም ግን አንድ ጊዜ አልተሳካም።

ቱቦው 25 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከሁዱ ቀጥ ብሎ በጣሪያው ወጣ፤ አንድም መታጠፊያ የለውም። ያንኑ የድሮውን ፋን ነው የተጠቀምሁት፤ ድምፁ እንኳ ተለውጧል፣ ከጩኸት ወደ ማጉረምረም ወርዷል። የእናቴ ማውጫ ለብቻው በጥቁር ላሜራ ተሠራ። ለተተኪው አየር ግድግዳውን 50 በ45 አድርጌ አስከፈትሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተሳሳትሁ። ቀዳዳውን ያስከፈትሁት ከሊጥ ማሳረፊያው ጠረጴዛ ጀርባ ስለነበር ቀዝቃዛው አየር በቀጥታ ሊጡ ላይ ይነፍስ ጀመር፤ ሊጡ ለሁለት ቀን እንደ ድንጋይ ተኝቶ ዋለ። ረዳቴ ሳይነግረኝ በጆንያ ደፈነው፤ ጭሱም ወዲያው ተመለሰ፤ እናቴ ጆንያውን ራሷ አወጣችው።

በኋላ ያንን አስደፍኜ ከኦቨኑ ጀርባ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ አስከፈትሁና ነፋሱ ነበልባሉን እንዳይመታው ከፊቱ አንድ የላሜራ ጋሻ አቆምሁ። አየሩ አሁን በትኩሱ ኦቨን አካል ላይ እየታከከ ስለሚወጣ ሊጡ ጋ ሲደርስ ለብ ብሎ ነው። በሩ ተዘግቶ፣ ፋኑ ተከፍቶ፣ እናቴም እየጋገረች በዕጣን ፈተንሁት፤ በምድጃው አፍ ላይ ጭሱ ወደ ውስጥ ተሳበ። ነበልባሉ ጥቂት ቢጫ ስለቀረበት የጋዝ ባለሙያ አፍንጫውን ቀየረልኝ። ራስ ምታቱ ቆሟል፤ ኮርኒሱም ደርቋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ዓይጥ በአዲሱ ቀዳዳ ይገባል። ወንፊት ልግጠምበት?

የተመረቅሁት በሜካኒካል ነው

ግጠም፤ ነገር ግን የዱቄት ወንፊት ዓይነት ደቃቅ ሽቦ እንዳይሆን፤ በዱቄት ብናኝ በሳምንት ይደፈንብሃል። ቀዳዳው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጠንካራ የሽቦ መረብ ምረጥ፤ ሽቦው ራሱ ከስፋቱ ጥቂት ስለሚወስድ መግቢያውን በዚያው ልክ አስፋው። ከውጭ በኩል ለዝናቡ ወደ ታች ያዘነበለ ክንፍ አድርግለት። በእናትህ የጭስ ማውጫ አናት ላይ ግን መረብ አታድርግ፤ ጥቀርሻ ይደፍነዋል። እዚያ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ባርኔጣ ይበቃል።

የእንጅባራዋ

መረቡን በምትከፈት በር መልክ አሠራው እንጂ በምስማር አትምታው፤ በየቅዳሜው አውልቆ የሚያጥበው ረዳትህ ነው። የእናትህንም ማውጫ መስቀል ሳይደርስ አንድ ጊዜ አስጠርግላት።

አዲስ ጋጋሪ፣ ደብረ ማርቆስ

መረቡን በማጠፊያ አሠራዋለሁ። ጠራጊውን ለፊታችን ሰኞ ቀጥሬዋለሁ፤ ሰኞ እንጀራ አይጋገርም።